ሙቀት በዓሣ ሕይወት ላይ ስላለው ሥልጣን

የቀደሙት መምህራኖቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ በዕለተ ሐሙስ ከባሕር የተገኙትን ፍጥረታት በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ ብለው በሦስት ወገን ይከፍሏቸዋል። በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያኖሩ የዛሬ ዘመን ሰዎች ደግሞ መልኩና ነገዱ እጅግ የበዛውን የዓሣ ሠራዊት ገና ከመግቢያው በሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱን ወገን የሞቃት ውኃ ዓሣ፣ ሁለተኛውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ይሉታል። ይህን አከፋፈል ላይ ላዩን ያየው ሰው ለሻጭ መደርደሪያ እንዲያመች የተበጀ ይመስለው ይሆናል፤ ነገሩን ከሥሩ የመረመረው ግን የዓሣው እስትንፋስ፣ የሚበላው መብል፣ የሚጥለው ቆሻሻ፣ የሚይዘው ደዌ፣ የዕድሜው ልክ እንኳ ሳይቀር፣ ሁሉም ከውኃው ሙቀት ጋር የተሳሰረ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህም ስለ ሁለቱ ወገኖች አያያዝ ከመናገራችን በፊት ስለ ሙቀት ሥልጣን መናገር ግድ ይሆንብናል፤ ከዚያም በብዙ ሰው ልቡና ሥር ሰዶ የሚኖረውን፣ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ማሞቂያ ስለማይሻ አያያዙ ቀላል ነው የሚለውን አሳብ እንመረምረዋለን።

የሰው ደም በደጋም ቢሆን በቆላ ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ሳይርቅ ጸንቶ ይኖራል፤ ሰው የሚያስፈልገውን ሙቀት ከሚበላው እህል ከውስጡ የሚያፈልቅ ፍጥረት ነውና። ዓሣ ግን፣ ከጥቂት የባሕር ዓሦች በቀር፣ የራሱ የሆነ ሙቀት የለውም፤ ውኃው 12 ዲግሪ ሲሆን ደሙም 12፣ ውኃው 28 ሲሆን ደሙም 28 ይሆናል። የምግብ መፈጨት፣ የልብ መምታት፣ የሥጋ ማደግ፣ ይህ ሁሉ በሰውነቱ ውስጥ የሚከናወነው በኬሚካዊ ሕግ እንደመሆኑ መጠን፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር የሥራው ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። እያንዳንዱም ዝርያ ከትውልድ ወደ ትውልድ የኖረበትን የውኃ ሙቀት ባሕርዩ አድርጎ ስለያዘው፣ ከዚያ ልክ ወጥቶ ለብዙ ጊዜ እንዲኖር የተገደደ ዓሣ፣ ዕለቱን ባይሞት እንኳ፣ ቀስ በቀስ ይመነምናል፣ ለደዌም ይጋለጣል።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከአገራችን መውጣት አያስፈልገንም። በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ባለው በአፍዴራ ሐይቅ፣ ፍል ውኃ በሚገባበት ጨዋማ ውኃ ውስጥ፣ ሊቃውንት ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ብለው የሰየሟት፣ በዓለም ሌላ ሥፍራ የማትገኝ ዓሣ ትኖራለች። በባሌ ተራሮች ደግሞ ከኬንያ መጥቶ በወንዞች የተለቀቀው ትራውት የሚባለው ዓሣ ይኖራል፤ እርሱም ውኃው ከ20 ዲግሪ ሲያልፍ መጨነቅ የሚጀምር፣ ብርድና ፈጣን ጅረት የሚወድ ፍጥረት ነው። የአንዱ ተድላ ለሌላው ሞት ነው።

በቤት ውስጥ ከሚኖሩት የቀዝቃዛ ውኃ ዓሦች ሁሉ አለቃው የወርቅ ዓሣ ነው። አገሩ ቻይና ሲሆን ቅድመ አያቶቹ መልካቸው የደበዘዘ፣ ለመብል የሚጠመዱ የካርፕ ወገን ዓሦች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል አልፎ አልፎ ቀይና ብጫ መልክ ያለው ሲወለድ፣ ያን ለይቶ በኩሬ ማኖርና ማዋለድ፣ በሶንግ ነገሥታት ዘመን፣ ማለት ከ960 እስከ 1279 ባለው ጊዜ (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው)፣ የታወቀ ልማድ ሆነ። ከ1368 እስከ 1644 በነገሡት በሚንግ ነገሥታት ጊዜ ደግሞ ዓሣውን ከኩሬ አውጥቶ በሰፋፊ የሸክላ ዕቃ በቤት ማኖር ተጀመረ። በኩሬ ውስጥ ከጠላት አምልጠው፣ ምግባቸውን ተሻምተው ሊኖሩ የማይችሉት፣ ጅራታቸው እንደ መጋረጃ የሚዘረጋ፣ ሆዳቸው የተድበለበለ፣ ዓይናቸው ወደ ውጭ የወጣ ዝርያዎች የተገኙትና የተጠበቁት በዚህ ምክንያት ነው። በ17ኛው ምእተ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስም በ1758 ዓ.ም. ሳይንሳዊ ስሙን ሰጠው።

የዚህ ዓሣ ትዕግሥት በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው 4 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ስለሆነ፣ የኩሬው ፊት በበረዶ ሲሸፈን እንኳ በወለሉ ላይ ያልረጋ ውኃ ይተርፋል፤ የወርቅ ዓሣም በዚያ ጥልቅ ሥፍራ ሳይበላ፣ ብዙም ሳይንቀሳቀስ፣ ክረምቱን ያሳልፋል። ከበረዶው በታች ኦክስጅን ባለቀ ጊዜም፣ ሌላውን እንስሳ የሚገድለውን በሥጋው ውስጥ የሚጠራቀም አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ማስወጣት ይችላል። ከአከርካሪ አጥንት ባለቤቶች መካከል ይህ ጸጋ የተሰጠው ለእርሱና ለቅርብ ዘመዶቹ ብቻ ነው ለማለት ያስደፍራል። ይሁን እንጂ ይኸው ትዕግሥቱ መከራ አመጣበት። ሰው የዓሣውን አለመሞት እንደ ደኅንነቱ ምልክት ቆጥሮ፣ ጥቂት ሊትር በምትይዝ ክብ የመስታወት ጎድጓዳ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ተራው የወርቅ ዓሣ ግን በተገቢው ሥፍራ ቢያድግ ከ20 ሳንቲሜትር የሚበልጥ፣ 10 እና 15 ዓመት፣ አልፎም የሚኖር ፍጥረት ነው። በእንግሊዝ አገር በ1956 ዓ.ም. በባዛር ጨዋታ ሽልማት ሆኖ ለአንድ ልጅ የተሰጠ የወርቅ ዓሣ የሞተው በ1999 ዓ.ም.፣ በ43 ዓመቱ ነው። ጎድጓዳዋ ውስጥ በዓመት በሁለት ዓመት የሚሞተው ዓሣ እንግዲህ ገና በልጅነቱ የተቀጨ ነው፤ ይህን ዐውቆ እያኖረ የሚቀጥል ሰው በፍጥረት ላይ ግፍ እንደሚሠራ ሊነገረው ይገባል።

የሞቃት ውኃ ዓሣ ወደ ቤት የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1869 ዓ.ም. ፒየር ካርቦኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣውን የገነት ዓሣ በፓሪስ ተቀብሎ ለማዋለድ በቃ፤ ከዚያ በኋላ የሞቃት አገር ዓሦች በየመርከቡ ይጎርፉ ጀመር። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስላልነበረ፣ የገንዳውን ወለል ከጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ወይም ከብረት ሠርተው ከበታቹ የጋዝ ወይም የላምባ ነበልባል ያነዱበት ነበር። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ጆርጅ ማየርስ የተባለው አሜሪካዊ የዓሣ ሊቅ፣ ከላይኛው አማዞን የመጣውን፣ ጎኑ በሰማያዊና በቀይ መስመር የሚያበራውን ኒዮን ቴትራ ለሊቃውንት ዓለም አስተዋወቀ። ይህ ዓሣ ከ4 ሳንቲሜትር አይበልጥም፤ የወደቀ ቅጠል ቀለም ባወጣበት፣ ማዕድኑ ባነሰ፣ ጥቂት አሲዳማ በሆነ ውኃ፣ ከመሰሎቹ ጋር በጉባኤ የሚኖር ነው። ምንም እንኳ ሞቃት ውኃ ተብሎ በአንድ ስም ቢጠራም፣ በዚህ ወገን ውስጥ ራሱ መለያየት አለና፣ ለኒዮን ቴትራ ከ21 እስከ 25 ዲግሪ ሲበቃው፣ የአገሩ ልጅ የሆነው ዲስከስ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ የዓሣውን ስም ሳይጠይቅ ማሞቂያውን በግምት የሚያስተካክል ሰው አንዱን ሲያስደስት ሌላውን ያሳዝናል።

አሁን ወደ አያያዙ እንግባ፤ መጀመሪያም ስለ እስትንፋስ። ውኃ በሞቀ ቁጥር በውስጡ ሊይዘው የሚችለው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ 0 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር 14.6 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ 9.1፣ በ25 ዲግሪ 8.3፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.5 ገደማ ብቻ ነው። ዓሣው ሲሞቅ የሚፈልገው ኦክስጅን ይበዛል፣ ውኃው ሲሞቅ የሚሰጠው ኦክስጅን ያንሳል፤ ከእነዚህ ከሁለቱ ተቃራኒ መንገዶች መካከል ነው የዓሣ ጭንቀት የሚወለደው። የሞቃት አገር ዓሦች ለዚህ በየፈርጃቸው ተዘጋጅተዋል፤ የገነት ዓሣና የሲያም ተዋጊ ዓሣ ከውኃው ፊት ብቅ ብለው አየር የሚተነፍሱበት የተለየ ብልት አላቸው። የወርቅ ዓሣ ይህ የለውም፤ አካሉ ትልቅ፣ ፍላጎቱም ትልቅ ስለሆነ፣ ውኃው 28 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ራበው ብሎ ምግብ ይጨምርለታል፤ ምግቡም ውኃውን አበላሽቶ ጭንቁን ያብስበታል።

በዚህ ላይ ለደጋው አንባቢ የምንጨምረው ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ፣ በላይዋ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 25 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ገንዳ ውስጥ በሊትር 6 ሚሊግራም ትንሽ ቢያልፍ ነው። በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፉት መጻሕፍት ለአንድ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ ብለው የሚሰጡት ልክ ለእኛ የበዛ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል። የዓሣውን ቁጥር መቀነስ፣ የገንዳውን ፊት ሰፊ ማድረግ፣ በአየር መንፊያ ውኃውን ማናወጥ፣ እነዚህ በደጋ ለሞቃት ውኃ ዓሣም ለቀዝቃዛ ውኃ ዓሣም የማይታለፉ ናቸው።

ሁለተኛው የቆሻሻ ነገር ነው፤ በእኔ አስተያየት በገንዳ ከሚሞቱት ዓሦች የሚበዙት የሚሞቱት በዚህ ነውና ጥቂት እንቆይበት። ዓሣ የሚበላው ፕሮቲን ከሰውነቱ የሚወጣው፣ አብዛኛው በስንጥቡ በኩል፣ አሞንያ ሆኖ ነው። በወንዝ ወይም በሐይቅ ይህ መርዝ በብዙ ውኃ ይበተናል፤ በገንዳ ግን የዓሣው ማደሪያና መጸዳጃ አንድ ነው። አሞንያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ብዙም የማይጎዳ፣ ሁለተኛው ስንጥብን የሚያቃጥል ነው፤ የመርዛማው ድርሻ ደግሞ በውኃው ፒኤች፣ ማለት አሲዳማነቱ በበዛ ቁጥር በሚያንሰው መለኪያ፣ እና በሙቀቱ ይወሰናል። ፒኤቹ 8 በሆነ ውኃ ውስጥ በ15 ዲግሪ ከመቶ 2.7 ያህሉ መርዛማ ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ከመቶ 5.4 ይደርሳል፤ ማለትም የውኃው መሞቅ ብቻውን መርዙን በእጥፍ ይጨምረዋል። ፒኤቹ 7 በሆነ ውኃ ግን በ25 ዲግሪ እንኳ መርዛማው ከመቶ አንድ አይሞላም። እንደ ኒዮን ቴትራ ያሉ አሲዳማ ውኃ የሚወዱ ትንንሽ ዓሦች እንግዲህ ውኃቸው ራሱ በከፊል ይጠብቃቸዋል፤ ጥቂት ስለሚበሉም ጥቂት ያቆሽሻሉ። የወርቅ ዓሣ በአንጻሩ ማዕድን የበዛበት፣ ፒኤቹ ከ7 ከፍ ያለ ውኃ ይስማማዋል፤ ቀኑን ሙሉ ጠጠር እየማሰ ይበላል፣ የበላውንም በዚያው ልክ ይጥላል።

ይህን መርዝ የሚያስወግዱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አሞንያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ሥራቸውን በ1890 ዓ.ም. ገደማ ለይቶ ያሳየው ሩስያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ሲሆን፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ፈጥነው ይበዛሉ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ግን እጅግ ይዘገያሉ። ስለዚህ አዲስ የሞቃት ውኃ ገንዳ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ሲበስል፣ ማለት ባክቴሪያው በበቂ ሲሰፍርበት፣ ያልሞቀው ገንዳ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ የሚያቆሽሸው ዓሣ፣ ቆሻሻን የሚያጠራው ባክቴሪያ በሚዘገይበት ውኃ ውስጥ ይኖራል ማለት ነው፤ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ አያያዙ ቀላል ነው የሚለው አሳብ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ማሞቂያ ባለመግዛት የተረፈው ገንዘብ በሰፊ ገንዳና በኃይለኛ ማጣሪያ ላይ መዋል አለበት። ሆዳቸው ለተድበለበለ ሁለት የወርቅ ዓሦች ከ100 እስከ 150 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ቢያንስ ያስፈልጋል፤ ቀጭኑና ረጅሙ ዝርያ ካደገ በኋላ ኩሬ ይገባዋል። ለአሥር ኒዮን ቴትራ ግን 60 ሊትር ይበቃል። በየሳምንቱም ከውኃው ሩቡን ያህል ቀድቶ፣ ክሎሪኑ በወጣለትና ሙቀቱ በተስተካከለ ውኃ መተካት የሁለቱም ሕግ ነው።

የማሞቂያ ነገር ሲነሳ፣ ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ዋት ያህል ኃይል መስጠት የተለመደው ስሌት ነው፤ ቤቱ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ይጨመራል። መብራት ሲጠፋ ሰፊ ገንዳ ሙቀቱን ቀስ እያለ፣ ጠባቡ ግን ቶሎ ያጣል፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለል ለብዙ ሰዓታት ያተርፋል። ይሁንና መብራት ሲጠፋ ማጣሪያውና አየር መንፊያውም ይቆማሉ፤ ከብርድ ይልቅ የኦክስጅን እጦት ቀድሞ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ነውና፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አየር መንፊያ በቤት ማኖር ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። ነገሩን ገልብጠን ብናየው፣ በድሬዳዋና በሰመራ፣ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው ችግሩ ውኃ ማቀዝቀዝ ነው፤ ውኃን ማቀዝቀዝ ደግሞ ከማሞቅ ይልቅ ውድና አስቸጋሪ ነው። በቆላ አገር የወርቅ ዓሣ ማኖር ከንቱ ድካም ሲሆን፣ በዚያ ሙቀት ግን ጉፒን የመሰለ የሞቃት ውኃ ዓሣ ያለ ማሞቂያ ይኖራል።

ስለ መብል አጠር አድርገን እንናገር። የካርፕ ወገን ዓሦች ጨጓራ የላቸውም፤ ምግቡ ከጉሮሮ ወደ አንጀት ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ፣ ለወርቅ ዓሣ ጥቂት ጥቂቱን ከፋፍሎ መስጠት፣ ከደረቁ መኖ ጋርም የተቀቀለ አተርና አረንጓዴ ቅጠል መጨመር መልካም ነው። ውኃው ከ10 ዲግሪ ሲወርድ መኖው ይቀነሳል፣ ወደ 5 ዲግሪ ሲጠጋ ፈጽሞ ይቆማል፤ በቀዘቀዘ አንጀት ውስጥ ምግብ አይፈጭምና። የሞቃት ውኃ ዓሣ ግን ሕይወቱ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ፍጥነት ስለሚሄድ ለረጅም ጊዜ መጾም አይችልም፤ ትንሽ አፉን የሚመጥን፣ ፕሮቲኑ የበለጠ ምግብ በየቀኑ ይሻል።

ደዌም ቢሆን በሙቀት ሥልጣን ሥር ነው። የነጭ ነጠብጣብ በሽታ የሚባለው በሁለቱም ወገን የታወቀ ነው፤ የሚያመጣውም በዓሣው ቆዳ ሥር ተሸሽጎ የሚያድግ፣ ከዚያ ወድቆ በወለሉ ላይ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። መድኃኒት የሚያገኘው በውኃ ውስጥ ሲዋኝ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ዑደቱ በ25 ዲግሪ በጥቂት ቀናት ይፈጸማል፣ በ10 ዲግሪ ግን ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል። ስለዚህ የሞቃት ውኃ ዓሣ አሳዳጊ ሙቀቱን በዝግታ ከፍ አድርጎ፣ አየርም ጨምሮ፣ በሽታውን በአጭር ጊዜ ሊያሳልፈው ይችላል፤ የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ አሳዳጊ ግን ምልክቱ ጠፋ ብሎ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ በሽታው ከሳምንታት በኋላ ይመለስበታል። እርሱ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ሁለቱን ወገኖች በአንድ ገንዳ ማኖር ይቻል እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቃል። 22 ዲግሪ ላይ ሁለቱም የሚታገሱ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የወርቅ ዓሣ ካደገ በኋላ በአፉ የሚገባለትን ኒዮን ቴትራ ይውጠዋል፣ የውኃቸውም ጠባይ አይስማማም። መልሳችን አይገባም ነው። ቀዝቃዛ ውኃና ትንሽ ገንዳ ያለው ሰው ግን ተስፋ አይቁረጥ፤ በ1932 ዓ.ም. በቻይና በካንቶን ከተማ አጠገብ ካለው ከነጭ ደመና ተራራ ተገኝቶ የተሰየመ፣ ታኒክቲስ የሚባል፣ 4 ሳንቲሜትር የማይሞላ መልከ መልካም ዓሣ አለ። ከ14 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ውኃ ያለ ማሞቂያ ይኖራል፤ ለአዲስ አበባ ቤትና ለ50 ሊትር ገንዳ ከወርቅ ዓሣ ይልቅ እርሱ ተገቢ እንደሆነ ያለ ጥርጥር እንመሰክራለን።

በመጨረሻ ለአንባቢ አንድ ልመና አለን። ዓሣው አድጎ ገንዳው ሲጠበው፣ ወይም ባለቤቱ አገር ሲለቅ፣ ነጻ አወጣሁት ብሎ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ የሚለቅ ሰው አለ። ከአማዞን የመጣው ዓሣ በደጋ ወንዝ ብርድ ሲሞት፣ ብርድን የሚችለው የወርቅ ዓሣ ግን ይኖራል፣ ይራባል፣ ወለሉን እየማሰ ውኃውን ያደፈርሳል፣ የሌላውን እንቁላል ይበላል፣ ደዌም ያስተላልፋል፤ በቆላ ደግሞ ጉፒ እንዲሁ ያደርጋል። በጣና ሐይቅ በዓለም ሌላ ሥፍራ የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ወገን ዓሦች አሉ፤ ከጠፉ የሚተካቸው የለም። የበዛብህን ዓሣ ለሌላ አሳዳጊ ስጥ፣ ወይም ለሻጩ መልስለት፤ ወደ አገር ውኃ ግን ፈጽሞ አትልቀቅ።